በማይታይ ብርሃን ቃል ስለ መላክ

ቴሌቪዥን በገባበት ቤት ሁሉ፤ በአዲስ አበባም ቢሆን፤ በነቀምቴም ቢሆን፤ ከነቀምቴ በስተሰሜን ባለችው በጊዳ አያናም ቢሆን፤ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ይልቅ የቤተ ሰቡን ሰላም የሚያውክ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። ይኸውም ሪሞት የሚባለው ነው። አባት ዜና ለመስማት፤ ልጅ ኳስ ለማየት፤ እመቤቲቱም ድራማዋን ለመከታተል ሲሹ ሦስቱም እጃቸውን የሚዘረጉት ወደ እርሱ ነው። ጠፋ የተባለ ጊዜ ትራሱ ሁሉ ይገለበጣል፤ ምንጣፉ ይነሣል፤ ምንም የማያውቁት ሕፃናት ይመረመራሉ። ነገር ግን ይህን ያህል የምንሻማበት ዕቃ ከመቀመጫችን ሳንነሣ ፈቃዳችንን ወደ ማዶ የሚያደርስልን በምን ብልሃት እንደሆነ ብንጠየቅ መልስ የምንሰጥ ጥቂቶች ነን።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን በጀመረበት በ1957 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ጠብ አልነበረም። የሚታየው ጣቢያ አንድ ብቻ ነበርና የሚያሻማ አልነበረም፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ ያሻ እንደሆነም የቤቱ ታናሽ ልጅ «ተነሥና አዙረው» ይባል ነበር። የዚያን ጊዜ ሪሞት ልጁ ራሱ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ለቴሌቪዥኑ አንድ፤ ለዲሹ ሪሲቨር ሌላ፤ እንዲያውም ለአየር ማቀዝቀዣው ሦስተኛ ሪሞት ይገኛል፤ ከነዚህም አንዱ ተበላሽቶ በመሳቢያ የተኛበት ቤት ብዙ ነው።

ይህን ነገር ዛሬ ለማንሣት ያሰብሁት፤ የተበላሸውን ሪሞት ከመሳቢያ አውጥተው ሆዱን የሚከፍቱ ልጆች በየቤቱ እንደ አጥፊ ሲቈጠሩ ስለምሰማ ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለው ልጅ ሊገሠጽ አይገባውም እላለሁ። ምክንያቱንም ለማስረዳት አስቀድሜ የዕቃውን ጠባይ መናገር ይገባኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢው ራሱ በዐይኑ እንዲያረጋግጥ የስልኩን ካሜራ ይክፈት፤ በተለይ ፊት ለፊቱን፤ ማለት ራሳችንን የምናነሣበትን። ከዚያ በኋላ የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አዙሮ አንዱን ቍልፍ ይጫን። በባዶ ዐይን ሲያዩት ምንም የሌለበት ስፍራ በስልኩ መስታወት ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ሲል ይታያል። ብርሃኑ ቀድሞም ነበረ፤ ያላየው የኛ ዐይን ነው። ብልጭታው ባይታይ ግን፤ የሪሲቨሩን ጠጋኝ ከመጥራት በፊት የሪሞቱን ድንጋይ መለወጥ ይበቃ ይሆናል።

ይህን የማይታይ ብርሃን አስቀድሞ የደረሰበት በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ዊልያም ኸርሼል የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ ነው። እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. የፀሐይን ብርሃን ሦስት ማዕዘን ባለው መስተዋት አሳልፎ በየቀለሙ ከከፈለው በኋላ ለየቀለሙ ሙቀት መለኪያ አኖረ። ከቀዩ ቀለም ወዲያ፤ ምንም በማይታይበት ስፍራ ያኖረው መለኪያ ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ ከፍ ብሎ አገኘው። ፈረንጆቹ ይህን ብርሃን ኢንፍራሬድ ይሉታል፤ የኛ የሳይንስ መጻሕፍትም ታሕተ ቀይ ብለውታል። የሰው ዐይን የሚያየው ቀይ ብርሃን የሞገዱ ርዝመት 700 ናኖሜትር ገደማ ሲደርስ ያበቃል፤ የሪሞት ብርሃን ግን አብዛኛውን ጊዜ 940 ናኖሜትር ነው። ናኖሜትር ማለት አንድ ሜትር ለሺህ ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው እጅ ነው።

ስለዚሁ ብርሃን አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ዘበኞች የሙቀት መለኪያ በግንባራችን ላይ ይደቅኑብን ነበር። ብዙ ሰው መሣሪያው ወደ ራሱ ጨረር የሚተኩስ መስሎት እጁን ሲዘረጋ አይቻለሁ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ሕይወት ያለው ገላ ሁሉ በሙቀቱ ምክንያት ራሱ ታሕተ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ የሞገዱም ርዝመት ከሪሞቱ ዐሥር እጅ ያህል ይረዝማል። መሣሪያው የሚሠራው ከኛ የሚወጣውን መቀበል ብቻ ነው። ሪሞት ተናጋሪ ሲሆን የሙቀት መለኪያው ሰሚ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ፀሐይም ይህንኑ ብርሃን በብዛት የምትሰጥ ከሆነ፤ ቴሌቪዥኑ የሪሞቱን ብርሃን ከፀሐይዋ ለይቶ የሚያውቀው እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ ብልሆችን ያስቸገረ ነው። በአሜሪካ አገር ዜኒት የተባለው ኩባንያ እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ሪሞት አውጥቶ ነበር፤ ፍላሽ ማቲክ ይባላል። ነገር ግን ፀሐይ በመስኮት ገብታ ቴሌቪዥኑን ስትነካው ማንም ሳያዝ ጣቢያው ይለወጥ ነበር። ስለዚህ በማግሥቱ ዓመት ብርሃኑን ትተው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሚሠራ ሪሞት አወጡ። ወደ ብርሃን የተመለሱት ከሃያ ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ብርሃኑ የማይታየው፤ አላላኩም አዲስ ነበረ።

አዲሱ አላላክ እንዲህ ነው። የሪሞቱ መብራት በርቶ ዝም አይልም፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 38,000 ጊዜ ያህል ይበራል ይጠፋል። የቴሌቪዥኑ ተቀባይ ደግሞ በዚህ ፍጥነት ከሚርገበገበው ብርሃን በቀር ሌላውን እንዳይሰማ ሆኖ ተሠርቷል። በቅዳሜ ገበያ ጫጫታ መካከል እናት የልጇን ልቅሶ ለይታ እንደምታውቅ ማለት ነው። ፀሐይ ብርሃኗ ብዙ ቢሆንም የማይርገበገብ ነውና እንደ ዝምታ ይቈጠራል። ይህን ስናገር ግን ፀሐይ ፈጽማ አታስቸግርም ማለቴ አይደለም፤ ከታች እንደምናየው በቀጥታ ያረፈችበትን ተቀባይ ታደነቍረዋለች።

ቃሉስ የሚጻፈው በምን ፊደል ነው? እዚህ ላይ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ደስ የሚለው ነገር አለ። ዜሮና አንድ በሚባሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ይጻፋል፤ ሁለቱም ፊደሎች በብርሃኑ በኩል አንድ ዐይነት ናቸው፤ የሚለያቸው ከብርሃኑ በኋላ የሚመጣው የዝምታ ርዝመት ነው። ኤን.ኢ.ሲ. የተባለው የጃፓን ኩባንያ ባወጣውና በብዙ ሪሞቶች ላይ በሚገኘው ሥርዐት፤ መልእክቱ ሲጀመር 9 ሚሊሰከንድ ብርሃን፤ ከዚያም 4.5 ሚሊሰከንድ ዝምታ ይሆናል፤ ይህ እንደ ነጋሪት ምት «አድምጥ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለያንዳንዱ ፊደል ከግማሽ ሚሊሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ብርሃን ይሰጣል። ዝምታው ከብርሃኑ ጋር እኩል ከሆነ ዜሮ ነው፤ የብርሃኑን ሦስት እጅ ከረዘመ አንድ ነው።

ማጥበቅና ማላላትን የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር መናገር፤ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ መኖር ነው፤ በጽሕፈት ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የለያቸው ድምፁ የቆየበት ጊዜ ነው። በወለጋ የሚነገረው ኦሮምኛ ደግሞ ይህን በአናባቢው ያደርገዋል፤ «ላፋ» አናባቢዎቹ አጥረው ሲነገሩ መሬት፤ ረዝመው ሲነገሩ ልል ወይም ደካማ ማለት ነው፤ በቁቤም ሲጻፍ የረዘመው አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። የአያና ልጅ እነዚህን ሁለት ቋንቋዎች ከእናቱ ቤትና ከሰፈሩ ይዞ ያደገ እንደመሆኑ መጠን፤ የጊዜ ርዝመት ትርጓሜን እንደሚለውጥ ከማንም በፊት ጆሮው ያውቀዋል።

አንዱ መልእክት 32 ፊደል አለው። የመጀመሪያዎቹ 8 ፊደሎች ትእዛዙ ለማን እንደሆነ የሚገልጹ አድራሻ ናቸው፤ ከዚያም ያው አድራሻ እንደገና ይላካል፤ ሆኖም ተገልብጦ፤ ዜሮው አንድ፤ አንዱም ዜሮ ሆኖ ነው። ቀጥሎ 8 ፊደል ትእዛዝ ይመጣል፤ እርሱም ተገልብጦ ይደገማል። ተቀባዩ ዋናውንና ግልባጩን ያመሳክራል፤ ካልተስማሙ መልእክቱን ይጥላል፤ ምንም አይሠራም። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኛ የውሳኔ ግልባጭ ስንሰጥ አንዱ ከዋናው እያነበበ ሌላው ግልባጩን እየተከተለ ቃል በቃል ካልተስማማ በቀር ማኅተም አናሳርፍም። ያች ጣት የምታህል ዕቃ ይህን ሁሉ የምትፈጽመው 68 ሚሊሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ነው፤ ይህም የአንድ ሰከንድ ዐሥረኛው እጅ እንኳ አይሆንም። ቍልፉን ይዘን ብንቆይ ደግሞ መልእክቱን በሙሉ አትደግመውም፤ በየ110 ሚሊሰከንዱ «እንደ ላይኛው» የምትል አጭር ምልክት ትሰጣለች። ልምድ ያለው ጸሐፊም ቢሆን ከዚህ የበለጠ ቀለም አይቈጥብም።

ሁሉም ኩባንያ ይህንኑ ሥርዐት ተከተለ ማለት አይደለም። የሶኒ ሪሞት በሰከንድ 40,000 ጊዜ፤ የፊሊፕስ ደግሞ 36,000 ጊዜ ይርገበገባል፤ የፊደላቸውም አጻጻፍ የተለየ ነው። ያንዱ ሪሞት ለሌላው ቴሌቪዥን የማይታዘዘው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ልጆች በዚህ ቋንቋ ለመናገርና ለመስማት የሚያስፈልጋቸው ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው ዕቃ ነው። ማይክሮኮንትሮለር ማለት በአንዲት ጥቁር ቺፕ ውስጥ አሳቢውም፤ ማስታወሻውም፤ ከውጭ ጋር የሚያገናኙት እግሮቹም ተጠቃለው የተገኙበት ኮምፒዩተር ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ቲ.ኤም.ኤስ. 1000 የተባለውን ለገበያ ካወጣ ወዲህ፤ በልብስ ማጠቢያው፤ በመኪናው፤ በምድጃው፤ በሪሞቱም ውስጥ ሳናየው ገብቶ ተቀምጧል። ለተማሪ ግን የሚመቸው አርዱይኖ የተባለው ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ በኢጣልያ አገር ኢቭሬያ በተባለች ከተማ እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ተማሪዎች በቀላሉ እንዲሠሩበት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። አሠራሩም ለሁሉ የተገለጠ ስለሆነ በየአገሩ ብዙዎች እየሠሩ በርካሽ ይሸጡታል።

አርዱይኖ ኡኖ የተባለው ሰሌዳ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት 32 ኪሎባይት፤ ለጊዜው ሥራ የሚሆን ደግሞ 2 ኪሎባይት ብቻ ማስታወሻ አለው፤ ይህም በኪሳችን ካለው ስልክ ጋር ሲመዛዘን ከባሕር እንደ ጭልፋ ነው። ሆኖም ሰዓቱ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ከላይ የተናገርነው ግማሽ ሚሊሰከንድ የሚያህለው ብርሃን እስኪያልፍ ድረስ ይህ ሰዓት 9,000 ጊዜ ይመታል። ለኛ ዐይን ከጨፈናው ያጠረው ጊዜ ለርሱ ቁጭ ብሎ የሚቈጥረው ረጅም ጊዜ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልናገር። ተቀባዩ ሦስት እግር ያለው ጥቁር ዕቃ ነው፤ ከተበላሸ ሪሲቨር ወይም ቴሌቪዥን ፊት ላይ ሊነቀል ይችላል። አንዱ እግሩ ከ5 ቮልት፤ ሁለተኛው ከመሬት፤ ሦስተኛው ከሰሌዳው አንዱ ቀዳዳ ጋር ይያያዛል፤ የእግሮቹ ተራ እንደየፋብሪካው ስለሚለያይ ኤሌክትሪክ ከመስጠት በፊት ማረጋገጥ ይገባል። ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ፤ ይህ ተቀባይ ምንም ሳይሰማ ሲቀር እግሩ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ብርሃን ሲሰማ ዝቅ ይላል። ይህን ያላወቀ ልጅ ዝምታውን ቃል፤ ቃሉንም ዝምታ አድርጎ ሲያነብ ቀኑ ይመሽበታል። ለመናገር ደግሞ ከተጣለው ሪሞት አፍንጫ ላይ መብራቱን አውጥቶ በ220 ኦም ሬዚስተር በኩል ከሰሌዳው ጋር ማያያዝ ይበቃል፤ በመብራቱ የሚያልፈው 17 ሚሊአምፔር ያህል ነው፤ ይህም በአንድ ክፍል ውስጥ ያዳርሳል። ከዚያ ራቅ ብሎ እንዲሰማ የፈለገ በመካከል ትራንዚስተር ያግባ። ፕሮግራሙንም ከፊደሉ ጀምሮ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ኬን ሺሪፍ የተባለ አሜሪካዊ እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. አይ.አር. ሪሞት የተባለውን ጽፎ ያለ ዋጋ ለሁሉ ስለሰጠ፤ ዛሬም ሌሎች እያሻሻሉት ይገኛል። እኔ ግን ልጁ አንድ ጊዜ እንኳ የዝምታውን ርዝመት በራሱ እጅ ለክቶ ዜሮውንና አንዱን በወረቀት ላይ ቢጽፍ እመርጣለሁ። ዳዊት ሳይደግም ወደ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ምን እንደሚሆን እናውቃለንና።

ስለ አያና ልጆች ደጋግሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘመን ጥበብ ሁሉ በኢንተርኔት ይገኛል ይባላል፤ እውነትም ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የጀመረው አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮችን የማሠልጠን ሥራ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ መልካም ሥራም ነው። ነገር ግን ወለጋ በ2012 ዓ.ም. ለወራት ኢንተርኔት ተዘግቶባት እንደ ነበረ፤ በአንዳንዱ ዞን ስልኩም ጭምር እንደ ተቋረጠ የማያስታውስ የለም። ከዚያም ወዲህ በጸጥታው መታወክ ምክንያት በዚያ አገር ያሉ ልጆች ብዙ የትምህርት ቀን አጥተዋል። እንግዲህ ኔትወርክ ሲመጣ ብቻ የሚማር ልጅ ኔትወርኩ ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄድበታል። በማይታየው ብርሃን የሚነጋገሩ ሁለት ሰሌዳዎች ግን ማማ አይሹም፤ ሲም ካርድ አይሹም፤ ፈቃድ አይሹም። የሚያስፈልገው ፕሮግራም አንድ ጊዜ ከነቀምቴ በፍላሽ ተቀድቶ ከመጣ ይበቃል። መልእክት እንዴት እንደሚጀመር፤ እንዴት እንደሚመሳከር፤ እንዴት እንደሚጠፋ ልጁ በአንድ ክፍል ውስጥ ይማረዋል፤ ታላላቆቹ የመገናኛ መሥመሮች የሚሠሩትም በዚሁ ሥርዐት ነው፤ የሚለየው ብዛቱና ፍጥነቱ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ በዚያው በጊዳ አያና የአንድ ዘመዴ ልጅ ያደረገው ነው። በቤታቸው ልጆቹ «አኮ» እያሉ የሚጠሯቸው አያት አሉ፤ እግራቸው ደክሞ ከአልጋ ከዋሉ ቆይተዋል። ማድ ቤቱ እንደ ልማዳችን ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ የተሠራ ስለሆነ፤ ውሃ ሲጠማቸው ወይም ሲያማቸው ቢጣሩ የሚሰማ አልነበረም፤ ድምፃቸውም ደክሟል። አንድ ሌሊት ብቻቸውን ሊነሡ ሞክረው ወድቀው እስኪነጋ ድረስ ከመሬት ቆይተዋል።

ልጁ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የተበላሸውን የሪሲቨር ሪሞት ሲፈታ አባቱ አግኝቶት ተቈጣ፤ «ያለውን ማፍረስ እንጂ መሥራት አታውቅም» አለው። ልጁም «አባባ፤ ለአኮ ነው፤ አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሡኝ» ብሎ ለመነው። ሳምንቱ ወር ሆነ። አስቀድሞ በሁለት ቤቶች መካከል ብርሃኑን ለመላክ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ይህ ብርሃን ግድግዳ አያልፍምና። ስለዚህ ተቀባዩንና ሰሌዳውን በአያቱ ክፍል ኮርኒስ ሥር አኑሮ፤ ከዚያ እስከ ማድ ቤት ቀጭን ሽቦ ዘርግቶ ጫፉ ላይ የምትጮኽ ትንሽ ደወል ሰቀለ። ለአኮም አዲስ ድንጋይ የገባበት፤ ከአንዲት ቍልፍ በቀር ሌሎቹ በፕላስተር የተሸፈኑ ሪሞት ሰጣቸው። ሪሞቱን ወደ ኮርኒሱም ቢያዞሩት፤ ወደ ግድግዳውም ቢያዞሩት ብርሃኑ እየነጠረ ይደርሳል፤ ይህም ለደከመ እጅ ትልቅ ነገር ነው።

ሌሊትና ጧት ደህና ሠራ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በኋላ ግን ደወሉ ዝም ይል ጀመር። ድንጋዩን ቢለውጥ፤ ሽቦውን ቢመረምር ምክንያቱ አልተገኘም፤ አባትየውም «ብዬህ ነበር» ማለት ጀመረ። ነገሩን ያገኙት አያትየው ራሳቸው ናቸው፤ «ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ያችን ጥቁር ዐይን ስትመታት ነው የምትደነቍረው» አሉት። እንደ ተባለውም ሆኖ ተገኘ። ልጁ ተቀባዩን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ከጥቁር ካርቶን የተጠቀለለ ኮፍያ ቢያደርግለት ተፈወሰ። ከሰባ ዓመት በፊት የዜኒትን መሐንዲሶች ያሸነፈች ፀሐይ አያና ላይ በካርቶን ተሸነፈች።

ቀጥሎ የመጣው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ደወሉ መጥፋት የለበትም፤ አያት የሚቸገሩት ይልቁንም በጨለማ ነውና። ሰሌዳው ግን ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ እንኳ 50 ሚሊአምፔር ያህል ይጠጣል፤ 2,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሁለት ቀን ሳይሞላ ያልቅበታል። የአያትየው ሪሞት ግን በሁለት ድንጋይ ለብዙ ወር ይቆያል። ምሥጢሩ ሪሞቱ ቍልፍ እስኪጫን ድረስ መተኛቱ ነው። ሰሚው እንዲህ ሊተኛ አይችልም፤ ጥሪው በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ አያውቅምና፤ እንደ ዘበኛ ነቅቶ ማደር አለበት። ስለዚህ በቤቱ የነበረችውን የፀሐይ መብራት ባትሪ ለርሱ ሰጡት፤ ቀን ትሞላለች፤ ሌሊት ትጠብቃለች።

ይህን ያነበበ ሰው በዚሁ ብልሃት የበር ቍልፍ ልሥራበት ይል ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ተው እላለሁ። የሪሞት ቃል ዛሬም ነገም አንድ ነው፤ ፊርማ የለውም፤ ማኅተም የለውም፤ የላከው ማን እንደሆነ ተቀባዩ አይጠይቅም። በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በሁለተኛ ሰሌዳ ሰምቶት ቃል በቃል ሊደግመው ይችላል። ግድግዳ ስለማያልፍ የጎረቤት ጆሮ አይደርስበትም፤ ይህ እውነት ነው፤ በመስኮት በኩል ግን ያልፋል። ለደወል፤ ለመብራት፤ ለማራገቢያ ይሁን፤ ለገንዘብ ሣጥንና ለቤት በር ግን በማኅተም የሚጻፈውን ሥርዐት ያወቀ ሰው ሌላ ይፈልግ።

ለእናቶች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከነዚህ ሰሌዳዎች ጋር የሚሸጠው ስስ ሪሞት የሚሠራው እንደ ሳንቲም ክብ በሆነች ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። ሕፃን ይህችን ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቀረች፤ ከምራቁ ጋር ሆና በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥለው ትችላለች። ሕፃኑ ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ አልቅሶ ዝም ቢልም እንኳ «በራሷ ትወጣለች» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ እንዲያስታውክም አያስገድዱት፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ሪሞት ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ባይገባ ይሻላል፤ የገባም እንደሆነ ክዳኑ በጠንካራ ፕላስተር ይታሰር። ትልልቆቹ ልጆች ሲሠሩም የወጣች ባትሪ ከጠረጴዛው ላይ ሳትቆይ በተከደነ ዕቃ ትቀመጥ።

የአያናው ልጅ አሁን የተያያዘው ሌላ ነገር ነው። አኮ ቍልፉን አንድ ጊዜ ተጭነው አይተዉም፤ ደወሉ ማድ ቤት ይጩኽ አይጩኽ ከአልጋቸው ስለማይሰሙ፤ ሰው እስኪመጣ ድረስ ደጋግመው ይጫናሉ፤ በማድ ቤት ያሉትም በጩኸቱ ይማረራሉ። ጥሪ ያለ መልስ ለጠሪው ጭንቀት፤ ለተጠሪው ሁከት ነውና። ስለዚህ ልጁ በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንዲት ቍልፍ አኖረ። ደወሉን የሰማ ሰው ሲጫናት በዚያው ሽቦ አጠገብ በተዘረጋ ሁለተኛ ሽቦ በአያትየው ራስጌ ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች፤ ትርጓሜዋም «ሰምተናል፤ እየመጣን ነው» ማለት ነው። ቀዩን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ዐይናቸው ቢደክምም ቀይ ቀለም ገና ይታያቸዋል።